የመቀስቀስ ፈቃድ

ቀን ሙሉ ስጽፍ ውዬ ቪዛና ማስረጃ፣
ሱቁን ዘግቼ ቀረሁ፣ ሮላ ላይ፣ በሻርጃ።

ኮምፒውተሩን አስተኛዋለሁ፤ ማራገቢያው ዝም ይላል።
ሦስት ሳልቆጥር ይባንናል።
«አብዷል፣ ሽጪው» ብሎኝ ወጣ ሻጂ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ።
አላበደም። ሊኑክስን ያስጫነኝ ታናሼ ንጋቱ ነው፣
በስልክ እየመራ፣ «አይዞሽ፣ አይነክስም» እያለ፤
ሊኑክስ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ይጽፋል፣ ለሚያነብ።
ሎጉን ከታች ወደ ላይ ወጣሁት።

ለካ ማውሱ ነው!
የኤሲው ንፋስ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፣
ጠረጴዛው ማውሱን፣ ማውሱ የተኛውን።
ከቀስቃሾች ዝርዝር ውስጥ «ተፈቅዷል» ይላል ከጎኑ።
ፈቃዱን ነሳሁት፣ በአንዲት መስመር፤
ነገ ሲነሣ እንዳይረሳ፣ መነሻው ላይ ደገምኩለት።
ተኛ።

እዚህ አገር መብራት አይሄድም፤ የሚሄደው ሰው ነው።
አስካለ ጥላው የሄደችው ሻርፕ አሁንም ወንበሬ ላይ አለ።

ሌሊት፣ ከላይኛው አልጋ፣ የራሴን ዝርዝር ከፈትኩ፤
የዕቁቡን ዳኛ ድምፅ ነሳሁት፣
አልጋ አከራዩን፣ ደላላውን፣
«ብሩስ?» የሚሉትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ።

ንጋቱን ግን ተውኩት።
እሱ ይቀስቅሰኝ።