ቀዳዳ ሻጭ

ሙትራህ ገበያ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ፀሐይ በጣራው ሽንቁር ሾልካ ስትገባ
የምታርፍበት፣ ክንድ ከስንዝር መደርደሪያ አለኝ፣
ዳድ ከሪም ባሉቹ በወር ያከራየኝ።

መነሻዬ ኪስ ነው። የሌላ ሰው ኪስ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ሳጥብ፣ ስተኩስ፣
ከመርከበኛ ሱሪ፣ ከጎብኚ ጃኬት
በማሽኑ ሆድ ዕቃ ሲንኳኳ የሰማሁት፣
ሦስት ወር አስቀምጬ ጠያቂ ያጣሁለት፣
በሻይ ቆርቆሮ ሞልቶ ካልጋዬ ሥር ያደረ፤
ገንዘብ ማጠብ ካሉት፣ የኔ እንዲያ ነው የተጀመረ።

በፊት ሁሉንም ነበር የምሸጥ፣ አቀላቅዬ፣
የቱርኩን፣ የኬንያውን፣ የጃፓኑን ባንድ ሳህን ጥዬ።
ሰው ይመጣል፣ እንደ ንፍሮ ያምሳል፣ ያንኳኳል፣
"ዶላር ትመነዝሪያለሽ?" ብሎኝ ይሄዳል።

ዳድ ከሪም ታዘበኝ። ጢሙን እያሻሸ፣
"ዘምዘም" አለኝ፣ "አየሁት፣ ቀንሽ በከንቱ መሸ።
ሁሉ ያለበት ሱቅ እኮ ስም የለውም፣
ስም የሌለውን ሱቅ ፈልጎ የሚመጣ የለም።
አንድ ነገር ምረጪ፤ የአተር ፍሬ ታህል፣ ትነስ፤
ግን እሷን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አይኑር፣ ከዚህ እስከ ሱር ድረስ።"

ወርቅ አልሁ። ቦርሳዬ ሳቀብኝ።
ወረቀት ብር አልሁ። ወበቁ ከባሕር መጥቶ ቀደመኝ፤
የባግዳድ ዲናሮቼ እንደ ከረመ ዳቦ ሻገቱ።
ማርትሬዛ አልሁ። እሷንማ ያውቋታል እናቴም አያቴም፣ ያገር ሽማግሌም በየቤቱ፤
ግን ያች ደረተ ሙሉ፣
ትናንት ብትመታ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ብትመታ፣ ዘመኗ አንድ ነው አሉ፤
ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ፤ ሁልጊዜ ሰማንያ።
ዕድሜዋን የማትናገር ሴት ታስቸግራለች ለገበያ።

አንድ ማታ ሒሳቡ አልገጥም ብሎኝ
ገዢ የናቃቸውን ለብቻ ለየሁኝ።
ሁሉም የተበሱ።
ግማሾቹን መንግሥት ነው የበሳቸው፤
የምሥራቅ አፍሪቃ ዐሥር ሳንቲም፣ የሕንድ ፓይሳ፣
በጦርነቱ ዘመን መዳብ ሲወደድ መኻሉ የተነሣ።
ሌሎቹን ግን ሰው፣ ደጁ ተቀምጦ፣ በሚስማርና በመዶሻ፣
ለሙሽራ መድመቂያ፣ ለሕፃን ከቡዳ መሸሻ።
ሰብሳቢ "ጉድለት አለባት" ብሎ የሚጥላት
እኔ በሩብ ዋጋ ገዛኋት።

አሁን ሰሌዳዬ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፦
ቀዳዳ ሳንቲም።
ጎረቤት ይሥቃል። ከመናማ ግን ይደወላል፦
"ቀዳዳው በጠርዝ ነው ወይስ በመኻል? ክሩ በልቶታል?"
እኔም በማጉያ መስታወት አይቼ እመልሳለሁ።
ክር የበላው በኩል ለስልሶ ይገኛል፣ በጣቴ አውቀዋለሁ።
ንጉሡ ተዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ደግሞ፣
በሺው ወይ ማንበብ አይችልም፣
ወይ ንጉሡን አይወድም።

ዳድ ከሪም ሚዛኑን አምጥቶ አንዷን አስቀመጠ።
"ቀዳዳዋ ስንት ትመዝናለች?"
"ምንም።"
"ታዲያ ምንድን ነው የምትሸጪው?"
"እሱን ነዋ። መዳቡ ምራቂ ነው።"

ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት መጣች፣ ከሱር፣ በጠዋቱ አውቶቡስ፤
እጇ ውስጥ ድሪ፣ የዛንዚባር መዳብ፣ ለልጇ ልጅ የሚወረስ።
ሰባት ነበሩ፤ አንዱ ባሕር ገብቷል።
ቆርቆሮዬን ዘረገፍሁ። ዘመኑ የገጠመ ቀዳዳው ይሰፋል፣
ቀዳዳው የገጠመ መልኩ ይፈዛል።
አሥራ አንደኛው ላይ እጇን ያዝ አደረገች።
ተከራከርን። ልጇን ጠቀሰች፣ አምላኳን ጠራች፣
እኔም ኪራዬን ጠራሁ።
በመጨረሻ አራት ሪያል ተኩል ተስማማሁ።
እዚያው ቆማ በዓሣ ማጥመጃ ክር አስገባችው፣
ቋጠሮውን በጥርሷ ቆረጠችው፣
ነቀነቀችው፤
ሰባቱም አንድ ላይ ተንኳኩ።

ኪራዩ ቅዳሜ ነው። ሦስት ሪያል ይጎድላል።