አባሪ ቁጥር አንድ

ከችሎቱ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ጥላ፣
በሰው አቤቱታ እንጀራዬን ስበላ
ሃያ ሁለት ክረምት — ክረምት ከተባለ፣
የድሬ ሰማይ ላይ ደመና ካለ —
የፍቺ፣ የውርስ፣ የዕዳ ጽፌያለሁ፤
በቀን ስንቴ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» ብያለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጧት አሥር አለቃ ሽብሩ
ፌስታሉን አቅፎ፣ ታስሮ ከነክሩ፣
«ጻፍ» አለኝ ቁጭ ብሎ፤ ቁጭ ብሎም ቆሟል፤
ወገቡን ድሮ አንዱ «ተጠንቀቅ!» ብሎታል፣
«አሳርፍ» ያለው የለም።

ፌስታሉ ውስጥ አንድ ወረቀት፣ ማኅተሙ ሰማያዊ፦
«የተቀጠሩት ሰኔ 7 ቀን 1973።
አገልግሎት ያበቃው ግንቦት 20 ቀን 1983።
አሥር ዓመት ሊሞላ አሥራ ሰባት ቀን ስለሚጎድል፣
የጡረታ ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን።»

«በነዚያ ቀናት የት ነበርክ?» ስለው፣
ጣቱን ወደ ለገሃሬ፣ ወደ ሐዲዱ ቀሰረው፦

«የስንቅ መጋዘን በር። አዛዡ ሲሰናዳ
‹ያዝ ቁልፉን፣ መጣሁ› ብሎ መኪናውን ነዳ።
አቧራውን አየሁት እስከሚጠፋኝ ድረስ፤
እኔ ዘብ ነኝ፣ ወንድም፤ ዘብ ተረካቢ ሳይደርስ
እግሩን አያነሣም።
ከጀርባዬ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሩዝ በኩንታል፤
ከፊቴ ረሃብ፤ በሩ መሐል ገብቷል።
እኔ ግን ከሃዋ በዱቤ ዳቦና ሻይ፤
ማኅተሙን አልነካሁ፤ ይመስክር ያ ፀሐይ።
ሰኔ ሰባት ሌሎች መጡ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው፤
‹ፈርሙልኝ› ብላቸው ሳቅ ነው መልሳቸው።»

ሃዋ ሮብሌ ፊደል አታውቅም፤ ዱቤ ስትጽፍ
በሱቋ ቆርቆሮ በር ላይ ነው፣ በምስማር ጫፍ።
ሽብሩም ያን ዕዳ ሳይከፍል፣ አፍሮ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን መንገድ ሸሸው ዞሮ።
አሁን ግን ሄደ፤ ምስክር ፍለጋ፣
ካልከፈላት ደጃፍ፣ ገና ሳይነጋ።

በሩን ነቅለን ጫንነው፣ ጋሪ ተከራይተን፤
የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋርጠን
ስንደርስ ጥበቃው፦ «ብረት ክልክል ነው» አለን።
ሬጅስትራሯ ዞረችው፤ አይታጠፍ፣ አይበሳ፤
በጠመኔ «አባሪ ቁጥር አንድ» አልኩት፣ እንዳይረሳ።

ነገረ ፈጁ ተነሡ፦ «ጭረት ስም የለው፣ ቀን የለው፤
ምስማር ያለው ሁሉ ሊጭረው የሚችለው።»

ሃዋ ወደ በሩ ሄደች። በጣቷ ዳሰሰች፦
«ይሄ ጠማማው ሦስተኛው ቀን ነው። ተኩስ ነበር፤ እጄ ሳተ።
ይሄ ጥንዱ — ልጅ ነበር፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አብሮት በላ።»

ዳኛው በእስክሪብቶ ጫፍ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣
ቆጠሩ። ጥንዱን አንድ ብለው፣ አሥራ ሰባት።
«ከፍሎሻል?»
«ምኑን ከፍሎኝ? እናንተን ሲጠብቅ!»

ችሎቱ ሳቀ። ሽብሩ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፋ።
ለሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ተቀጠረ።
በሩ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ።

ማታ በመጋላ ሳልፍ፣ ሱቁ አፉን ከፍቶ፣
ሳሙናው፣ ብስኩቱ በጨረቃ ታይቶ፣
ሃዋ ቤቷ ገብታ ተኝታለች።
ከደፉ ላይ ሽብሩ፣ ዱላው በጭኑ ላይ፣
ባዶ ብርጭቆ አጠገቡ፣ ያለቀ ሻይ።
ከመቃኑ እንጨት፣ ከቀኝ በኩል፣
አንድ አዲስ ጭረት፣ ነጭ።