ሌላ ወራሽ የለም

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አርባ ዓመት ሊሞላኝ በጣቴ ስበላ፣
የስንቱን ሟች ስም በቀለም ቀበርኩት፣
የስንቱን ቤት ማዕዘን በመስመር ሰበርኩት።
አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች ማንም የማይለውጣት፣
ጣቴ ዓይኔን ሳይጠይቅ በልምድ የሚያሯሩጣት፦
«ከእኛ ከአመልካቾች በቀር ሌላ ወራሽ የለም።»
አራት ነጥብ። ከዚያ ወዲያ ሟችም አፍ የለውም።

ትናንት የጦሳ ጉም አስፋልቱን ሲሸፍን፣
ሦስት ልጆች መጡ፣ ሳይወጡ ከሐዘን፤
ታላቁ አበጋዝ፣ ባለ ወፍጮው ከኮምቦልቻ፣
ጡሃ መካከለኛው፣ የሚያይ ጫማውን ብቻ፣
ሉባባ ታናሺቱ፣ ወግ ሳታይ ያረጀች፣
አባቷን ስታገላብጥ ሰባት ክረምት የፈጀች።

ሟች፦ ሙሔ እንድሪስ፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር፣
በባቲ በሚሌ ተሳቢ ሲያበርር።
ንብረት፦ ሆጤ ያለ ቤት፣ ጭቃው በሲሚንቶ ተለስኖ፣
ክፍሉ ሦስት፣ ኮክ ዛፉ አንድ፣ ያውም ጎኑ መንምኖ።
«ሦስት ክፍል ለሦስት ልጅ፤ አላህም ሲያካፍል ያውቃል፣
ቶሎ ጻፍልን» አለ አበጋዝ፣ «ምስክሩ ይጠብቃል።»

ጻፍኩ። ያቺ ቃል ላይ ስደርስ
ጣቴ እንደ ደነበረ በቅሎ ቀጥ አለ፤
እኔ አውቃለሁና አራተኛ እንዳለ።

ባቲ ሰኞ ይቆማል፤ ሙሔ እሑድ ማታ ይመጣል፣
መሪ እንጂ ብዕር አይችልም፣ ከሣጥኔ ላይ ይቀመጣል፤
«ጻፍልኝ ለመዲና እናት፦ ጫማው ጠበባት ወይ?
አዲሱን ልክ በገመድ ላኪ፣ ልጅ ባለበት አይቆይ።»
ገመዱ ይመጣል በሰው፣ ሁለት ጫፉ ተቋጥሮ፣
አምና ከመጣው በጣት፣ በግማሽ ጣት ጨምሮ፤
ሙሔ ገመዱን ጨብጦ ሸርፍ ተራ ጫማ ይመርጣል፣
ሻጩ ይስቃል፤ እሱ ይለካል፣ መልሶ ያወጣል።

ኋላ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። መኪናው ተሸጠ።
ደብዳቤው ቆመ፤ ሙሔም በደጄ እያለፈ አመለጠ።
የመጨረሻዋ ገመድ እኔው ዘንድ ቀርታ ከረመች፣
የታይፔን ልብስ ታስራለች፣ በአቧራ እየጠቆረች።

ፈታኋት።
ከወረቀቱ አጠገብ ዘረጋኋት።

«ገመድ ነው እንዴ የሚወርሰው?» አለ አበጋዝ ሲዘባበት፣
«ሦስት ክፍል ለአራት ሲካፈል፣ የት ነው የሚቆረጥበት?»
«ዳኛ አይደለሁም» አልኩት፣ «ልጅ ግን ልጅ ነው፣ ከየትም ይወለድ፣
ሕጉ የእናቷን ደጅ አይጠይቅም፣ ባቲ ይሁን የሚሌ መንገድ።»

ሉባባ ገመዷን ነካች።
«ሰባት ክረምት» አለች፣
«ሰባት ክረምት፣ ሌሊት ሌሊት፣ ‹ጫማዋ ጠበበ› ይለኝ ነበር።
የቃዠ መስሎኝ፣
በማይንቀሳቀሰው እግሩ የራሱን ጫማ
አጥልቄለት አድር ነበር።»

ጡሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።
«ስንት ዓመቷ ነው?» ብቻ አለ።

አበጋዝ ወደ መናኸሪያ ሄደ፣ ሳይሰናበት፣
ሃምሳ ብሩ እዚያው ቀረ፣ ድንጋይ ተጭኖበት።
ሊፈርም ይመለስ እንደሁ፣ በሌላ ጸሐፊ ያስጽፍ እንደሁ
አላውቅም።
ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ሦስት»ን በኤክስ ደበደብኩ፣
ከላዩ «አራት» አልኩና ስም በተርታ ደረደርኩ፦
አበጋዝ ሙሔ። ጡሃ ሙሔ። ሉባባ ሙሔ።
መዲና ሙሔ።

«ዕድሜ» የሚለው ጋ ስደርስ
ሦስታችንም ተያየን።
ጉሙ አጥሩን አልፎ ገብቶ ወረቀቱን ያረጥባል።
ገመዷን በእጄ ለካሁ፦
አንድ ስንዝር፣ አንድ ጣት ጎደል።