ሰማያዊዋ ፊውዝ

ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት፣ ኤርመክ፣ ተቀመጥ ከጎኔ፤
ሞተሩን ገና አታስነሳ፣ ትንሽ ቃል አለችኝ እኔ።
ስለ ፍሬን አይደለም፤ ስለ በረዶም አይደለም፤
እነሱን መንገዱ ያስተምርሃል፣ እሱን የሚያህል መምህር የለም።
ስለዚች ቀዳዳ ነው፣ ከማርሹ ፊት ስላለችው፣
ድሮ ሲጋራ መለኮሻ፣ ዛሬ ስልክ ስለምታጠባው።

ጥር ነበር፤ ከኦሽ በሌሊት ተነሳሁ፣ አራት ሰው ጭኜ፣
ሂሳቡን ከመድረሴ በፊት በልቤ መዝኜ።
ከፊት ተማሪዋ ጉልዛት፣ ስልኳ ሦስት በመቶ የቀራት፤
ከኋላ ሁለት ነጋዴዎች፣ መሃላቸው አንዲት አሮጊት፣
በጭኗ የደረቀ ዓሣ፣ ቶክቶጉል ሐይቅ ዳር የገዛችው፣
ሽታው መኪናዋን የሞላ፣ መስኮት ቢከፈት የማይወጣው።

ቻርጀሩ የዶርዶይ ገበያ ነው፣ ዋጋው ስልሳ ሶም፤
እንደ እንቁላል ቅርፊት የቀለለ፣ ስም የለው፣ ማኅተም የለውም።
ሻጩ «ሦስት ስልክ ባንዴ ይሞላል» ሲለኝ አመንኩት፤
ጆሮዬ ርካሽ ሲሰማ ይሰፋል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁት።
ሳምንት ሳይሞላው ፊውዟ ተቃጠለች፤
አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለቴ፤ «ተው» ነበር ያለች።
ሹህራት፣ የኦሹ ኤሌክትሪሺያን፣ ያ የፊት ጥርሱ ወርቅ፣
«ፊውዝ ዘበኛ ናት» አለኝ፣ «ስትሞት ማን ገደላት ብለህ ጠይቅ።»
እኔ ግን ተሳፋሪ ነበረኝ፣ ጥድፊያም ነበረብኝ፤
ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት በቃኝ።
ጠቀለልኩባት፤ መብራቱ በራ፤ «ብልህ ነህ» አልኩት ለራሴ፤
የሞተች ዘበኛ በር ላይ አቁሜ፣ እፎይ አለች ነፍሴ።

የቶ አሹን ዋሻ ወጣን፤ ቁልቁለቱ ነጭ፣ ሰማዩም ነጣ፤
ጎማው በረዶውን ያኝካል፣ እኔ ጥርሴን፤ ጠመዝማዛው መጣ።
በዚያ መሃል የጉልዛት ስልክ ጮኸ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ሰረቀው፤
ስመልሰው በቀኝ መስታወቴ የገደሉን አጥር ዳስሻለሁ፤ ስንጥቁ ያውልህ፣ እየው።

ቀጥሎ ሽታ መጣ። እኔ ፍሬኑ ነው አልኩ፤
ነጋዴው ዓሣው ነው አለ፤ ጉልዛት አንቀላፍታለች፣ ጉልበቷ ላይ ስልኩ።
«ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ «የኔ ዓሣ እንዲህ አይሸትም፤
ላስቲክ ነው የሚነደው። ቁም ስልህ ቁም!»

ቆምኩ። ከዳሽቦርዱ ሥር ጢስ፣ ቀጭን፣ ሰነፍ ጢስ፤
ቻርጀሩን በባዶ እጄ ነቀልኩት፤ ጠባሳው ይኸው፣ ዳስስ።
ከውስጥ ያለው ሽቦ ግን መንደዱን አልተወም፤ ማን ይቁረጥለት?
ዘበኛዋ ሞታ፣ ብርማ ከፈን ለብሳ ቆማለት።
ኮፈኑን ከፍቼ፣ የባትሪው ራስ በመፍቻ ሲፈታ፣
ጢሱ ሞተ፤ እኔም በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ ተረታ።

የሚያስቀው ይኼ ነው፤ ያ ሁሉ የነደደለት ስልክ ጠግቦ ነበር፤
ምን ያደርጋል፣ ኔትወርክ የለም በዚያ አገር።
ሁለት ሰዓት ቆመን፣ የድንጋይ ከሰል የጫነ ካማዝ አነሳን፤
እስከዚያው አሮጊቷ ዓሣዋን ቀዳ እኩል አካፈለችን።

እና ስማኝ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሰካ፣ ሲጠፋ ንቀል፤
በውርጭ ሌሊት ባትሪውን ያስጠባ ሰው ጠዋት መኪና ይገፋል።
ስልክህን ጭንህ ላይ አታኑር፤ ገመዱ ከማርሹ ይራቅ፤
መዳፍህ ሙቀቱን ከጠላው፣ ክርክር የለም፣ አውልቅ።

ይቺን ያዝ። ሰማያዊ ናት፣ አሥራ አምስት ተጽፎባታል፣ ከጥፍሬ አትበልጥ፤
ሹህራት አምስቱን በሃያ ሶም ይሸጣል፤ ሥራዋ ካንተ በፊት መቅለጥ።

አሁን ቁልፉን እንካ።
መስታወቱን ያላስጠገንኩት ሆን ብዬ ነው፣ እየው እንጂ አትንካ።
ቢሽኬክ ስትደርስ ደውልልኝ። ስትደርስ ነው ያልኩህ፤
ዋሻው ጋ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ላይ አይደለም፣ ቢናፍቅህም ቤትህ።
ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ዝም ካለ፣ ዓይንህ መንገድ ላይ ነው እላለሁ፤
አክስትህ ትጨነቅ፤ እኔ ዝምታህን ታቅፌ እተኛለሁ።
ቢያንስ እሞክራለሁ።