ጳጉሜ በየወሩ

ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ከአለታ ወንዶ፣
የአማቴ ድምፅ ይመጣል ተራራውን ወርዶ።
እንሰቱን ታነሳለች፣ ላሟን ታነሳለች፣
ከዚያ ዝም ትላለች።
ያ ዝምታ ነው ጥያቄዋ። ሰባት ወሩ ነው፣
በስልኩ ሾልኮ ገብቶ ሆዴን ሲዳብሰው።

ጎረቤቴ "ጸሎት" ስትል፣ ታናሽ እህቷ "ፌጦ"፣
አብራኝ የምትሰፋው፦ "ወንበሩ ነው፣ ማህፀንሽን ያደረቀው መጥጦ።"

ፋርማሲው በሰጠን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ
ሰባት ቀይ ክብ አለ፣ የባዶ ወር ማሰሪያ።
ሰባተኛውን ከብቤ፣ ፈረቃ ለውጬ፣
ከጤና ጣቢያው አግዳሚ ዋልኩኝ ተቀምጬ።

ሲስተር ድንቄ ሰምታኝ፣ በካርዴ ጀርባ
ሃያ ስምንት ነጥብ በተነች፣ ልክ እንደ ተልባ።
"የእንቁላሏ ዕድሜ አንድ ቀን ነው፣ አንዲት ቀን፤
ጠዋት ብቅ ካለች ማታ የለችም። የወንዱ ዘር ግን
ሦስት፣ ቢበረታ አምስት ቀን ይቆያል ደጅ ጠንቶ፣
እንግዳ እንደሚመጣ ከሰው አፍ ሰምቶ።
ደምረሽ ስታይው ከስድስት አይዘል፤
ሌላው ቀን ፍቅርን እንጂ ፍሬ አይቀበል።"

"ጳጉሜ ናታ!" አልኳት ከወንበሬ ቆሜ።
"አዎን" አለች ስቃ፣ "በየወሩ ጳጉሜ።
እሷንም ቢሆን አውቀው ቢጠቀሙባት፣
ከአምስት ሴት ለአንዷ ነው የሚሰምርላት።"
"አራቱስ?" አልኳት። "ለቀሩት
ሌላ ጳጉሜ አለ። ይጠብቁት።"

አምስት ኮሌታ ሰፍቼ አራቱ ቢበላሽ፣
የመስመር አለቃችን "ቤትሽ ሂጂ፣ በቃሽ"
ባለችኝ ነበር። ሰውነት ግን አለቃ አያውቅም፤
ኮታው ጎደለ ብሎ ደመወዝ አይቆርጥም።

"ገና ሃያ ስድስት ነሽ፤ ዓመት ሞክሩ በሰላም፤
ካለፈ ነይ፤ ስትመጪ ግን ብቻሽን አይደለም።
ልጅ የሁለት ነው፤ ምርመራም የሁለት።"
ይቺን ለላሚሶ ጀምሬ ልንገር ከየት?

እሑድ ማለዳ ባጃጁን አሞራ ገደል አቆመ፤
ነገርኩት። መሪውን እንደያዘ አንገቱ ዘመመ።
አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው
ጀልባ ይጠብቃሉ በአንድ እግር ቆመው።
አንዱ ዓሣ አጥማጅ ባዶ መረብ ጎተተ፤
ቀዳዳ ፈለገና፣ ጠቅልሎ ከተተ።
መረቡ አንድ ቀን ባዶውን ቢወጣ፣
የሐዋሳን ሐይቅ "መካን" የሚል ከየት ሰው ይመጣ?

ይህን አላልኩትም። በልቤ ነው።
ዓሣ ሾርባ ጠጣን፤ ሎሚ አበዛበት፣ እንደ ልማዱ ነው።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። ሁሌ ለኔ ነበር የሚያቀብል፤
አሁን ግን ያዘው። እንሰቱን፣ ላሟን፣ ዝም እስክትል
ሰማት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፦
"እናቴ፣ እሷን ብቻ አትጠብቂ" አለ። "እኔም ወረፋ ላይ ነኝ።"

መልሷን አልሰማሁም። ዝናብ ጣሪያውን ደበደበ፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ ስድስት ቀን ተከበበ።