የብሎን ሣጥን

ቀኝ ጆሮውን ሞተር በላበት አባቴ፤
በግራው ይሰማል፣ ያውም በስንት ጩኸቴ።
ገንደ ቆሬ ሰዉ ባሻ ሙሜ ይለዋል፤
ከቀኙ ሲጠሩት ዝም ብሎ ያልፋል፤
«ኩሩ ነው» ይሉታል።
ኩራት አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት
ከጄት ጭራ ቆሞ እሳት ሲተፋበት
የቀረው ይኸው ነው፦ ግራ ጆሮ፣ ጡረታ፣
አልጋው ሥር የሚያድር አንድ ሣጥን ዝምታ።

ሣጥኑ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ የዛገ፣
ክዳኑ ላይ ክንፍ፣ ቀለበት ያደረገ።
ውስጡ ካቻቢቴ፣ ብሎን በየዓይነቱ፣
እንደየመጠኑ ተቆፍሮ ቤቱ።
አንዱ ጉድጓድ ባዶ ነው።
ሳልጠይቀው አረጀ፤ ሳይነግረኝ አደግሁ።

«ኩባንያው» ይላል፣ እንደ ሰው ስም ጠርቶ፣
«ነጭ ቱታ አለበሰን፣ በልካችን ሰፍቶ፤
‹ክቡር ደንበኛችን› ሲለን በደብዳቤ
ማዕረግ መሰለኝ፤ ተነፋፋ ልቤ።
ጦርነት መጣና፣ ዕቃ ስንጠይቀው፣
‹ክቡር› ካለ ወዲያ የጻፈው ‹አይቻል› ነው።
ከሦስት ስንኩል አንድ ደህና አወጣን፣
የአንዱን አንጀት ለአንዱ ሆድ እያዋጣን።»

ከጦርነቱ በፊት ካላንደር ይልኩ ነበር፤
አሥራ ሁለት አውሮፕላን፣ በረዶ ላይ ሲበር፣
ጳጉሜን የሌለበት። እናቴ ቆራርጣ
ደብተሬን ሸፈነች፤
ለሒሳብ ቦምብ ጣዩን፣ ለአማርኛ ሌላ መርጣ።

«የት ነበር የሚጥለው?» አልኩት አንድ ማታ።
መነጽሩን ጠረገው በሽርጡ ጫፍ፣ በዝግታ።
«ከብዶ ይወጣል፣ ቀሎ ይመለሳል፤
የቀለለበትን የቱ መካኒክ ይጠይቃል?»

እኔ ጎርፍ ቢሮ ነኝ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ሥር፤
ማራገቢያው ሲዞር ወረቀቱ ሲበር፣
ደቻቱን ከሰማይ ቁልቁል እጠብቃለሁ፤
አሸዋ ብቻ ነው፣ አሸዋ አያለሁ።
በምስሉ ጥግ ላይ አንድ ቀን ዓይኔ ሲያርፍ፦
ያው ቀለበት፣ ያው ክንፍ።
ያባቴ ኩባንያ ጠፈር ገብቷል ለካ፤
ያን ጊዜ የሚጥል፣ ዛሬ የሚለካ።

ነጻው ምስል የአምና ነው፤ የዛሬው በዶላር።
ጻፍኩላቸው፤ መለሱ፣ ቃላቸው እንደ ማር፦
«ክብርት ደንበኛችን፣ አገርዎ በዚህ ውል…»
ለአባቴ አነበብኩት፣ በግራው በኩል።
«ክብርት አሉሽ?» አለ።
«በቃ፣ ተዘጋጂ።»

ነሐሴ ነው። ሙቀት። አልጋችን ግቢ ውስጥ።
ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከቡ የሚፈጥጥ፤
ዝናቡ ደንገጎ ነው፣ እኛ ጋ አይሰማም።
አባቴ ለሽንት ወጣ፤ እሱ ሌሊት አይተኛም።
የአጥራችን ቋሚ የድሮ ባቡር ሐዲድ ነው፤
ሊደገፍ ያዘው።
ቆመ። ሁለተኛ መዳፉን ጨመረ።
«ኢፍቱ፣ ሞተር ነው» አለኝ፤ «ከደጋ ጀመረ።»
ምንም አልሰማሁም፣ በሁለት ደህና ጆሮ።
እሱ የነሮብሌን በር ደበደበ፣ በብረት፣ አምርሮ።
ሮብሌ፣ ስሙ ዝናብ የሆነው፣ ልጆቹን አዝሎ፣
ሚስቱ ፍራሽ ይዛ፣ አሮጊቷ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ
እግሯ፣ ወደ ዳገቱ።
ድምፁ እኛ ጋ ሲደርስ ሦስት ግቢ ባዶ ነበረ፤
የዘይቱና ፍየል ብቻ እንደ ታሰረች ቀረች።

ምስሉ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጣ፣ በነጻ፣
«ለርዳታ» የሚል ያለበት፣ የጠራ፣ የነጻ።
አባቴ በማጉያ ደቻቱን ተከተለ፣
ቆርቆሯችንን አገኘ፤ ጣቱን አኑሮበት ዋለ።
«ጥሩ ካሜራ ነው» አለ። ከዚያ፣ ቆይቶ፣
«ከዚህ ከፍታ ነበር ለካ የሚያዩት።»
ሣጥኑን በእግሩ ወደ አልጋው ሥር ገፋው።
«አባ» ብዬ ጠራሁት። መልስ የለም።
ከየት ጎኑ እንደ ነበርኩ አሁን ትዝ አይለኝም።