ጭራ የሌላት

ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ በኔሎር ቆላ፣
አገዳው እግር ሲወጋ፣ ጭቃው እንደ ገል ሲፈርስ ኋላ፣
ያኔ ነበር የእኛ መኸር፤
ባለመሬት ጭኖ ሲሄድ፣ እኛ ስንቆፍር።

እናቴ ቼንቻማ ስንዝር መሬት አልነበራት፤
ዶማ ነበራት፣ ቂጡ የተበሳ ገንቦ ነበራት፣
ደግሞም ጆሮ።
ከውሃ መከተሪያው ግድብ ላይ በደረቷ ተዘርግታ ታደምጥ ነበር፣
እንደ አሳማ ሲያጉረመርም ከሥሯ አፈር።
«አለች» ትለኛለች በጣቷ ጠቅሳ፣ «ከነጎተራዋ እታች ናት»፤
እንደ አማት ነበር የምታነሣት፣ ግማሽ ፈርታት፣ ግማሽ ንቃት።

ፓንዲ ኮኩ ነው ስሟ በቋንቋችን፤ አሳማ አይጥ።
ጥርሷ ቀርከሃ ሸርካች፤
ስትቆጣ የጀርባዋ ጠጉር እንደ ሾህ ቀጥ።

ገንቦውን በጭድ ሞልተን፣ እሳት ለኩሰን፣
አፉን በጉድጓዱ ደጅ ደፍነን፣
እኔ በቂጡ ቀዳዳ እነፋለሁ፤
ዓይኔ እስኪፈስ እነፋለሁ፣ የጢሱን ግማሽ እኔው እውጣለሁ።

ጎተራዋ ሲከፈት ግን ሁልጊዜ አፌን ይዣለሁ፤
ዛላ በዛላ ላይ፣ ራስ በራስ ተደርድሮ አይቻለሁ።
የባለመሬቱ ቤት እንኳ እንዲያ አይሰናዳም።
ሁለት ቁና ይወጣዋል፣ ሲከፋም አንድ አያጣም።
እናቴ ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ እስከ ዝናቡ እንበላለን፤
«ይሸታል» ያሉንን ሰዎች፣ አልራባቸውም እንላለን።

የርስቱ ጸሐፊ ራማናያ በብስክሌቱ ይመጣል ማታ፤
በአንድ ጭራ ሁለት ሩፒ፣ በመዝገብ፣ በፊርማ፣ በጸጥታ።
ከዚያ ቅርጫታችንን አማትሮ፦
«ሩዙስ የማን ነው? ከእኛ ማሳ የተሰረቀ፣
ሌባ ከሌባ ወስዶ ጸደቀ?»
እናቴ ዝም። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል፤
ዳዋ ደግሞ ምን ይመልሳል?

የባሕሩ አውሎ ነፋስ ግማሹን እህል የቀጠፈ ዓመት
አንዲቱን ከጢሱ ስትወጣ ያዝናት፤
ሆዷ መሬት ይጠርጋል።
እናቴ በሁለት ጣቷ ዳበሰችው፣ ቆየች።
ማጭዷን አነሣች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ስገልጥ በመዳፏ ላይ ጭራ ብቻ፤
አይጧ ከግድቡ ሥር ገብታ፣
ከአገዳው ጫፍ ሦስት ጠብታ ደም።

«ለምን?»
«ጭራው የጸሐፊው ነው» አለች፤
«የቀረው የሚመጣው ዓመት።»

በዓመቱ፣ በመጋቢት፣ እዚያው ግድብ ላይ ተኛች።
ቆይታ፣ ቆይታ፣ «አለች» አለች።
ቆፈርን። ሦስት ቁና! እንዲያ ያለ ዛላ አይተን አናውቅም።
ከጢሱ መሐል እያጉረመረመች ብቅ አለች፣ ጉቶዋ ደርቆ፤
ዶማዬን ሳነሣ እናቴ እጄን ያዘች።

«ተዋት» አለችኝ ሩዙን እያፈሰች፣
«ጭራ የሌላትን ራማናያ አይከፍልባትም።»